ለግቢ ፍራፍሬ ችግኝ የትኛው ጉዝጓዝ ይሻላል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ተካዮች

ባሕር ዳር ላይ ፍራፍሬ የሚተክል ሰው ሁለት ተቃራኒ ችግር አለበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ይበዛበታል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደግሞ ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ግን በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ ያልቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሥሩ ገና ያልጠለቀ የአንድ ዓመት አቮካዶ ምን እንደሚሆን ግቢያችሁ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል።

መፍትሔው ጉዝጓዝ ነው፤ በችግኙ ዙሪያ አፈሩን መሸፈን። ይህን ሁሉም ሰው ይመክራል። በምን እንደሚሸፈን ሲጠየቅ ግን ምክሩ ይለያያል። አንዱ የጤፍ ጭድ ይላል፣ ሌላው እንቦጭ፣ ሌላው ሰጋቱራ፣ ሌላው ድንጋይ ደርድርበት ይላል። ሁሉም ከራሱ ግቢ ተነሥቶ ነው የሚናገረው፤ ለራሱ ግቢም ትክክል ሊሆን ይችላል። የባሕር ዳር ነገር ግን አንድ ልዩነት አለው። በሚያዝያ ችግኙን የሚያተርፈው ያው ጉዝጓዝ በነሐሴ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ለበጋም ለክረምትም ለየብቻ መመዘን ያስፈልጋል።

ከጉዝጓዙ በፊት አፈሩ

በከተማው ዙሪያ ሁለት ዓይነት አፈር ይበዛል። አንዱ ቀይ አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። ሌላው ጥቁሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ወደ ሐይቁ ጠርዝ ዝቅ ያለ ግቢ ያላችሁ ደግሞ፣ አፈሩ ምንም ይሁን ምን፣ በክረምት ውሃው ከታች እየመጣ ያስቸግራችኋል።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። አንድ ጊዜ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉትና እደሩ። ጠዋት ላይ ውሃው ካለ አፈራችሁ ውሃ ያቁራል ማለት ነው። እዚያ አቮካዶና ፓፓያ ደልዳላ መሬት ላይ አትትከሉ። የሁለቱም ሥር በውሃ መታፈን አይወድም፤ አቮካዶ በተለይ በሥር አበስብስ በሽታ ቶሎ ይሄዳል። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ ጉብታ ሠርታችሁ አናቱ ላይ ትከሉ። ዘይቱን ከእነሱ ይልቅ ይችላል። ቀይ አፈር ላይ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ ዙሪያውን ዝቅተኛ እርከን ሠርታችሁ የበጋ ውሃ የሚይዝ ገበቴ መሳይ ቦታ አውጡለት።

የተከላው ነገር ይታወቃል፤ በአጭሩ ልለፈው። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል ከመትከል አንድ ወር በፊት የተቆፈረ። የላይኛውና የታችኛው አፈር ለየብቻ ይቆለል፤ ሲመለስ የላይኛው ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ሥሩ ይግባ። ላስቲኩ ይቀደድ። ሳይቀደድ የተተከለ ችግኝ ዛሬም ያጋጥማል። የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር፤ ጉዝጓዝም አይንካው። ጊዜው ዝናቡ ከጠና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው።

መመዘኛው

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዋጋ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቱም የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ላለው ክብ፣ አራት ጣት ውፍረት ቢነጠፍ፣ ከ60 እስከ 80 ሊትር ገደማ ይወስዳል። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ማለት ነው። ጭድና ሣር እያደር ስለሚጠቀጠቁ ሁለት ከረጢት ያዙላቸው። ለአራትና ለአምስት ችግኝ ይህ ማንንም አያደኸይም።

ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው።

በበጋ እርጥበት ይይዛል ወይ? ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሁሉም ጥቂት ይይዛሉ፣ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

በክረምት አየር ያስገባል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው እኩል ነው። ደቃቅና የሚጣበቅ ነገር በነሐሴ ዝናብ ተጠቅጥቆ እንደ ምርግ ይሆናል። ግንዱን ከነካ ልጡ ይበሰብሳል።

ምስጥ ይጠራል ወይ? ኩይሳ የሚታይበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። ምስጥ የሚመጣው ለደረቁ ጭድ ነው፤ በጋው ሲጠናና ሌላ ሲያጣ ግን ወደ ችግኙ ልጥ ይዞራል።

ምን ይዞ ይመጣል? የአረም ዘር፣ ሥር የሚሰድ ቁርጥራጭ፣ የመድኃኒት ቅሪት፣ የፌስታል ብጣቂ።

ምን ያህል ይቆያል፣ ሲበሰብስስ አፈሩን ይመግባል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ይጣላሉ። ቶሎ የሚበሰብስ ይመግባል፤ ብዙ የሚቆይ አይመግብም።

የግቢው እንስሳስ? ዶሮ ካላችሁ ጉዝጓዙን በአንድ ጠዋት ትበትነዋለች። በግና ፍየል ካለ ጭዱ ምሳ ነው።

የጤፍ ጭድ

በበጋ እርጥበት በመያዝ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ ላይ ይተኛል፣ ፀሐይ አያሳልፍም። ንፁሕ ከሆነ የአረም ዘሩም ብዙ አይደለም። ጤፍ ራሱ ቢበቅል በእጅ ይነቀላል።

ችግሩ ያው ደቃቅነቱ ነው። ዋልካ ላይ በክረምት ብትተዉት ይጠቀጠቃል፣ ከሥሩ ሻጋታ ይይዛል። በበጋ ደግሞ ሳይረጥብ ከተነጠፈ የከሰዓቱ ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ እንደነጠፋችሁ ውሃ ርጩበት፤ ላዩ ላይም ጥቂት ቅርንጫፍ ጣል አድርጉ፤ ለዶሮም ይረዳል።

ሁለተኛው ችግር ተፈላጊነቱ ነው። ጭዱን ከብት ይፈልገዋል፣ የጭቃ ቤት የሚመርገውም ይፈልገዋል። ዋጋው በጥርና በየካቲት፣ ውቂያ እንዳለቀ፣ ይረክሳል፤ ክረምት ሲቃረብ ይወደዳል። ዘመድ ገጠር ያለው ሰው ከዚያው ያስጭን። ምስጥ ይወደዋል፤ ይህን አትርሱ።

የሩዝ ገለባ

ከፎገራ የሚመጣው ይህ ገለባ ለእኔ ከጤፍ ጭድ ይሻላል። ዘንጉ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ አይጠቀጠቅም። ውስጡ ሲሊካ ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፤ በክረምትም አየር ያስገባል። በፎገራም እንደ ጤፍ ጭድ ለከብት ስለሚውል በነጻ አይገኝም፤ ግን ከወረታ በኩል ዕቃ የሚያመላልስ የምታውቁት ሰው ካለ አስቡበት።

ከመፈልፈያ የሚወጣው ቅርፊት ሌላ ነገር ነው። ቀላል ስለሆነ ነፋስም ጎርፍም ይወስደዋል። ብቻውን አይሆንም፤ ከኮምፖስት ጋር ቢደባለቅ ይሻላል።

እንቦጭ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚከራከርበት ይህ ነው።

እንቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ከታወቀ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በጎንደር ዙሪያና በደምቢያ በኩል ስንት ጊዜ በዘመቻ እንደተነቀለ ይታወቃል። የተነቀለው ዳር ላይ ይቆለላል። «ይህን ሁሉ ለምን ለችግኝ አንጠቀምበትም?» ማለት ተፈጥሯዊ ነው፤ ሐሳቡም ስሕተት የለበትም። በደንብ የደረቀ እንቦጭ ጥሩ ጉዝጓዝ ነው። ቶሎ ይበሰብሳል፣ ናይትሮጂንና ፖታሽየም ይሰጣል፣ ከጭድ ይልቅ አፈሩን ይመግባል።

ግን አራት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ጋሪ እርጥብ እንቦጭ ደርቆ የሚተርፈው እፍኝ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ማጓጓዣ ከፍላችሁ እርጥቡን አታስመጡ፤ የምትከፍሉት ለውሃ ነው። እዚያው ዳር ላይ የደረቀውን ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ አይሞትም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ከቁራጭ ግንድ ይራባል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ግቢያችሁ ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ አይበቅልም። አደጋው ጎርፉ ነው። በክረምት የግቢው ውሃ ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ሐይቁ ከሄደ ዘሩን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ያበበውን አትውሰዱ። የተወሰደው ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ። ቦይ ዳር ያለ ግቢ ከሆነ ጨርሶ ቢቀር ይሻላል። እንቦጭ ከሌለበት የዳርቻው ክፍል ወዳለ ግቢም ከሩቅ አታስጭኑ።

ሦስተኛ፣ እንቦጭ ውሃው ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት በሥሩ ይሰበስባል። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ የተነቀለ ከሆነ፣ ጎመንና ሰላጣ አብሮ በሚበቅልበት መደብ ላይ አታንጥፉት።

አራተኛ፣ አይቆይም። ከሁለት እስከ አራት ወር ነው። በጥቅምት የተነጠፈ በየካቲት የለም፤ ችግኙ በጣም በሚፈልገው ጊዜ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል።

ስለዚህ እንቦጭን ብቻውን አልመክርም። ከታች አንድ ንጣፍ እንቦጭ፣ ከላይ ጭድ ወይም የሩዝ ገለባ ሲሆን ግን ከሁሉም የሚሻል ቅንጅት ይወጣዋል። የታችኛው ይመግባል፣ የላይኛው ይጠብቃል።

ሣርና ቄጠማ

ለበዓል የተጎዘጎዘውን ሣር ከቤት ስትጠርጉ አትጣሉት። በነጻ የተገኘ ጉዝጓዝ ነው። ቶሎ ስለሚያልቅ መደረቢያ አድርጉት እንጂ አትተማመኑበት። ከሜዳ የምታጭዱት ከሆነ ዘር ሳይቋጥር፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ታጭዶ ይድረቅ። ሰርዶ ያለበትን ሣር ግን ፈጽሞ። ከአንዲት ቁራጭ ተነሥቶ ግቢውን ይወርሰዋል፤ እሱን ለመንቀል የምታጠፉት ጊዜ ሌላ አረም ሁሉ ተደምሮ አይወስደውም።

ቅጠል

ዘጌ የሄደ ሰው መሬቱን ያስተውል። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው፤ መሬቱ በወደቀ ቅጠል ተሸፍኖ ሲረግጡት ይለሰልሳል። እዚያ በበሬ ማረስ የቆየ ልማድ አይፈቅድም። ያን የቅጠል ንጣፍ ግቢያችሁ ውስጥ ማምጣት ይቻላል። የማንጎ፣ የዋንዛ፣ የሙዝ ቅጠል ሁሉ ይሆናል። የሙዝ ቅጠልና የተቆረጠ የሙዝ ግንድ ውሃ ስለሚይዝ ለበጋ ግሩም ነው።

ከመንገድ የተጠረገ ቅጠል መጥፎ አይደለም፤ ፌስታሉን፣ ጠርሙሱንና የሲጋራ ቁራጩን መልቀም ግን የቀን ሥራ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ትኩሱን አታድርጉ። ዘይቱ ሌላ ተክል ያቀጭጫል። ዝናብ ያጠበውና ወራት የቆየው ከሆነ፣ በስስ ንጣፍ ይቻላል።

ሰጋቱራ

ከእንጨት ቤት በርካሽ ወይም በነጻ ይገኛል። ይቆያል፣ አረም ያፍናል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ሲወፍር ላዩ ይጋገርና የምታጠጡት ውሃ ሳይገባ ወደ ጎን ይፈስሳል። ከአፈር ጋር ከተደባለቀ ደግሞ ሲበሰብስ ናይትሮጂኑን ከችግኙ ይሻማል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ላይ ላይ ብቻ፣ ከሁለት ጣት ሳይወፍር፣ ከሥሩ የበሰበሰ ፍግ ተደርጎ ከሆነ ይሠራል። በኬሚካል የተነከረ ወይም ቀለም የነካው እንጨት ሰጋቱራ አይሁን። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ የሚቆርጥ ቤት ከሆነም ተዉት።

ገራባ

ከጫት ቤት የሚወጣውን ገራባ የሚጠቀም ሰው አለ። ቅርንጫፉ አየር ያስገባል፣ ነጻም ነው። ጫት ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ ግን ከኮምፖስት ጉድጓድ ወራት ሳያሳልፍ ወደ ፍራፍሬው ባይጠጋ እመርጣለሁ። ፌስታሉም ከሱ ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው።

ድንጋይ

ባሕር ዳር ድንጋይ አይቸግርም። ጥቁሩ ድንጋይ ቦታ ስትቆፍሩ ራሱ ይወጣል። ችግኙን ከብቦ በጠፍጣፋው ሲደረደር ትነትን ይቀንሳል፣ ምስጥ አይበላውም፣ ዶሮ አይበትነውም፣ በክረምት አየር አያፍንም። ዓመታት ይቆያል። አፈሩን አይመግብም፤ ፍግ ማስገባት ስትፈልጉ ማንሳት ግድ ነው። በበጋ ቀትር ይግላል፤ ስለዚህ ግንዱ ጋ አይጠጋ። ምስጥ ላለበት ግቢ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጥቁር ላስቲክ የሚያነጥፉም አሉ። ለቲማቲም መደብ ይሁን፤ ለግቢ ፍራፍሬ አልመክረውም። ዝናብ አያስገባም፣ አፈሩን ያግላል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተበጣጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል።

በአንድ እይታ

| ዓይነት | በበጋ እርጥበት | በክረምት አየር | ምስጥ | በግምት የሚቆየው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የጤፍ ጭድ | በጣም ጥሩ | ደካማ | ይጠራል | 4–6 ወር | መካከለኛ |
| የሩዝ ገለባ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ይጠራል | 6–8 ወር | መካከለኛ፣ ከማጓጓዣ ጋር |
| ደረቅ እንቦጭ | ጥሩ | መካከለኛ | ጥቂት | 2–4 ወር | ማጓጓዣ ብቻ |
| ሣርና ቄጠማ | ጥሩ | መካከለኛ | ጥቂት | 2–3 ወር | ነጻ |
| ቅጠል | ጥሩ | ጥሩ | ጥቂት | 4–6 ወር | ነጻ |
| ሰጋቱራ | መካከለኛ | ደካማ | ይጠራል | ወደ 1 ዓመት | ርካሽ |
| ገራባ (ኮምፖስት የሆነ) | መካከለኛ | ጥሩ | ጥቂት | 3–4 ወር | ነጻ |
| ድንጋይ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | አይጠራም | ዓመታት | ጉልበት ብቻ |

ለእናንተ የትኛው?

ቀይ አፈር፣ ምስጥ የሌለበት፣ ገንዘብም ጥቂት የሚወጣ ከሆነ፦ ከታች ሁለት ጣት የበሰበሰ ፍግ፣ ከላይ አራት ጣት የሩዝ ገለባ ወይም የጤፍ ጭድ። ለማንጎ፣ ለአቮካዶ፣ ለብርቱካን ለሁሉም ይሆናል።

ዋልካ ላይ የተተከለ ከሆነ፦ ጉብታው ላይ ድንጋይ ወይም ሻካራ ቅጠል። ጭድ ከመረጣችሁ በሰኔ መጨረሻ ከግንዱ ዙሪያ ሰብስባችሁ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ግፉት፤ በመስከረም መጨረሻ መልሱት። ይህችን ሥራ የማትሠሩ ከሆነ ዋልካ ላይ ጭድ ባታነጥፉ ይሻላል።

ምስጥ ካለ፦ ድንጋይ። አመድ የሚነሰንሱ ሰዎች አሉ፤ ዝናብ ወይም የምታጠጡት ውሃ ሲመታው ኃይሉን ያጣል፤ ብቻውን አትመኑት። ደረቅ ጭድና ሰጋቱራ አይግቡ።

ገንዘብ ጨርሶ ከሌለ፦ የበዓል ቄጠማ፣ የግቢው ቅጠል፣ የሙዝ ግንድ። በየወሩ ጨምሩበት። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመርሳት፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሄድ ለአፈሩም ይሻላል።

ሳምንት ሙሉ ከቤት የምትጠፉ፣ ውሃም የሚቋረጥባችሁ ከሆነ፦ በጭድ ላይ ድንጋይ። ጭዱ እርጥበቱን ይይዛል፣ ድንጋዩ ጭዱን ይይዛል። በዚህ ዓይነት አንድ ጀሪካን ውሃ ራቁት አፈር ላይ ከሚቆየው በግልጽ ይበልጥ ይቆያል። በስንት ቀን እንደምታጠጡ ግን የሰው ሒሳብ አትከተሉ። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ ከደረቀ አጠጡ።

አነጣጠፉ

የትኛውንም ብትመርጡ ሦስት ልክ አይለወጥም። ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቁ። አራት ጣት ይወፍር፤ ሰጋቱራ ከሆነ ሁለት። ስፋቱ ቅርንጫፉ እስከዘረጋበት ይድረስ፤ ችግኙ ሲያድግ ክቡም አብሮት ይስፋ። ጉዝጓዙን ግንዱ ላይ እንደ ኩይሳ መቆለል በየግቢው ይታያል፤ ንፁሕ ይመስላል፣ ግን ልጡን የሚያበሰብሰውና ምስጡን በድብቅ የሚያወጣው ያ ነው።

ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቆሞ አፈሩ ገና እርጥብ እያለ። በጥር አፈሩ ከደረቀ በኋላ የምታነጥፉ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አጠጡ። በደረቅ አፈር ላይ የተነጠፈ ጉዝጓዝ ድርቀቱን ነው የሚጠብቀው፤ ቀላል ዝናብ ቢመጣም ራሱ ጠጥቶ ያስቀረዋል።

ደረቅ ጭድ ባለበት አካባቢ የከሰል ማንደጃ አይራገፍ።

በኪራይ ቤት ያላችሁ፣ አከራይም የሚፈቅድ ከሆነ፣ ፓፓያ ትከሉ። ከተተከለ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሊያፈራ ይችላል፤ ከዘር የበቀለ ማንጎ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት፣ የተዳቀለው ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ለፓፓያው የሙዝ ቅጠልና ቄጠማ ይበቃዋል። አፈሩ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ጉብታ ላይ ይሁን እንጂ ሌላ አትቸገሩለት።